በራግቢ ሜዳ ላይ በሕግ አምላክ ማለት

ልጄ ራግቢ እንደምትጫወት ያወቅነው ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ባለቤቴ የልጅቷን ካልሲዎች ስታጥብ ውኃው መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ጭቃ ሆነ። ባለቤቴ የተወለደችው እንጦጦ ሥር ነው። ጭቃውን በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ፣ «ይኼ የኛ የመሪ ሰፈር አፈር አይደለም፤ የላይኛው፣ የእንጦጦው ነው» አለች። እኔ ሩጫ መስሎኝ ነበር። በዚህ ከተማ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ወጣት ሁሉ ሯጭ ነው ተብሎ ይታለፋል።

ጠራናት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ቆይታለች።

«ራግቢ ነው» አለች።

«ኳስ ነው?» አልኩ።

«ኳስ ነው።»

«ታዲያ ክርንሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ኳስ የያዘችውን ልጅ ይዞ መጣል ይቻላል።»

«ዳኛ የላችሁም?»

«አለ።»

«እሱ ምን ይሠራል?»

«በደንብ መጣሏን ያያል።»

እኔ የሠራሁት ፍርድ ቤት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ችሎት አስከባሪ ነበርኩ። ኮሪደር ላይ ወጥቼ ባለጉዳይ በስሙ እጠራለሁ፣ ውስጥ ገብቼ የሚንሾካሾከውን ዝም አሰኛለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ሰው በደንብ መጣሉን የሚያጣራ ዳኛ አላጋጠመኝም። ከሥራው የተረፈኝ ጡረታና ድምፅ ነው። ከሁለተኛ ፎቅ ስጣራ ግቢው በር ላይ ሻይ የሚጠጣው ባለጉዳይ ብርጭቆውን ያስቀምጥ ነበር። ይኼን የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ልጄ ነገሩን ዘርዝራ አስረዳችን። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ የራሱ ሜዳ ያለው ክለብ አለ። ፕሮፌሽናል ነው። ፕሮፌሽናል ማለት ተጫዋቾቹ ውል ይፈርማሉ፣ ደሞዝ አላቸው፣ ሲጎዱ ይታከማሉ፣ አንድ ዓይነት ጃኬት ይለብሳሉ። እሷ ሦስት ወር በሙከራ ላይ ቆይታለች። የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። በመጪው ቅዳሜ ጨዋታ ጥሩ ከሆነች ቦታው የእሷ ነው፤ ካልሆነች ለሌላ ይሰጣል። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ክለቡ ቤተሰብ መጥቶ ሜዳውንና ጨዋታውን በዓይኑ ሳያይ ማንንም አያስፈርምም። ይኼን ደንብ ያወጡት አንዲት እናት በጨዋታ መሃል ሜዳ ገብተው ልጃቸውን በጆሮዋ ይዘው ከወጡ በኋላ ነው። ልጅቷ የሁለት ዓመት ውል ነበራት።

«አንተ ሂድ» አለችኝ ባለቤቴ። «እኔ ከሄድኩ ሁለተኛዋ እናት እሆናለሁ።»

ልጄ አርብ ዕለት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «አባዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ዝም ብለህ ተቀመጥ። ምንም ብታይ።»

«ሠላሳ ዓመት ሰው ዝም ያሰኘሁ ሰው፣ ራሴ ዝም ማለት ያቅተኛል?» አልኳት።

አላሳቃትም።

ቅዳሜ ሱፍ ልብሴን ለበስኩ፤ ክራባትም አሰርኩ። ከመሪ እስከ መገናኛ በባቡር፣ ከዚያ እስከ የካ ሚካኤል በታክሲ፣ የቀረውን በእግር ሄድን። ዳገቱን ስንጀምር እሷ ታወራለች፣ እኔ እተነፍሳለሁ። ግማሽ ላይ እሷም ዝም አለች፤ አዝናልኝ መሰለኝ።

የክለቡ ሜዳ በር የለውም፤ ዘበኛ ግን አለው። በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ፣ ካፖርት የደረቡ ሰው ናቸው። «የማን አባት ነዎት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ልጄን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ክራባቴን አዩ። «እንግዲያው ቦታዎ እዚያ ነው፤ የወላጅ ድንጋይ ይባላል» ብለው ከመሃል መስመር ትይዩ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳዩኝ። ከብዙ መቀመጥ የተነሣ ልሟል።

አሰልጣኙ ናይሮቢ ተምሮ የመጣ ወጣት ነው። ክለቡን አስጎበኘኝ፤ ጉብኝቱ አጭር ነው። አንድ ኮንቴይነር አለ፤ ግማሹ ልብስ መቀየሪያ፣ ግማሹ ቢሮ ነው። በረዶ የሞላ የፕላስቲክ ሳጥን አለ። የምን በረዶ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ጎሎቹ ከባሕር ዛፍ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለት ረጃጅም ግንዶች፣ መሃላቸው አንድ አግዳሚ።

«መረቡ ተሰረቀ?» አልኩ።

«መረብ የለውም፣ አባት። ኳሱ ከአግዳሚው በላይ ነው የሚያልፈው።»

እኔ የማውቀው በላይ ካለፈ ሳተ እንደሚባል ነው። ዝም ለማለት ቃል ስለገባሁ ግን አልተናገርኩም።

ሜዳው ተዳፋት ነው፤ የላይኛው ጎል ከታችኛው በሰው ቁመት ከፍ ይላል። አሰልጣኙ ይኼን እንደ ጉድለት አያየውም። «እንግዳ ቡድን እዚህ ሲመጣ መጀመሪያ ትንፋሹ ያልቃል፤ ከዚያ ሜዳው ዳገት መሆኑን ያያል» አለኝ። በሜዳው መሃል ደግሞ የእግር መንገድ ያልፋል። ከጫካው ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ክለቡ ሳይኖር በፊት ጀምሮ የሚሄዱበት መንገድ ነው። ሲመጡ ዳኛው ያፏጫል፣ ተጫዋቾቹ ባሉበት ይቆማሉ፣ ሴቶቹ ሸክማቸውን እንደያዙ አጎንብሰው ያልፋሉ፣ ጨዋታው ይቀጥላል። የሚያማርር አላየሁም።

በየወገኑ ሰባት ሰባት ሆነው ገቡ። ኳሷ እንቁላል ትመስላለች። በእጅ ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነው፤ ወደ ፊት የሚሄዱት ወደ ኋላ እየወረወሩ ነው። ዘበኛው ይኼን ሲያስረዱኝ በሕይወቴ የማውቃቸው ብዙ መሥሪያ ቤቶች ትዝ አሉኝ። ኳሷን ይዞ ሮጦ፣ ከተጋጣሚ ጎል መስመር ማዶ መሬት ያስነካ አምስት ነጥብ ያገኛል። የቀረው ሁሉ መውደቅ ነው።

ልጄ አሥራ አንድ ቁጥር ለብሳ ዳር ላይ ቆማለች። መጀመሪያ ስትወድቅ የዘበኛውን ክንድ ያዝኩ። ሁለተኛ ስትወድቅ ክንዳቸውን ራሳቸው አቀበሉኝ። ሦስተኛ ጊዜ የወደቀችው ሌላ ልጅ ናት፤ የጣለቻት ልጄ ናት። ዳኛው አየ። በደንብ ነው የጣለቻት። ደስ አለኝ፤ ደስ መሰኘቴ ራሱ አስደነገጠኝ።

ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው እኩል ነበሩ። ኳሷ ከእጅ ወደ እጅ ዞራ ልጄ ዘንድ ደረሰች። ልጄ የዳሩን መስመር ይዛ ሽቅብ በረረች። የጎሉን መስመር ካለፈች ክለቡ ያሸንፋል፣ እሷም ትፈርማለች፤ ይኼን አሳምሬ አውቃለሁ። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ሦስት ሴቶች ልጄን እያሳደዷት ነው፤ አራተኛዋ፣ ትከሻዋ በር የሚያክል፣ ከፊት ለፊት እየመጣችባት ነው። መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም።

«በሕግ አምላክ!»

ሁሉም ቆመ። የሚያሳድዱት ቆሙ። ባለ ትከሻዋ አንድ እግሯን እንዳነሣች ቆመች። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ ሳይነፋ ቆመ። ዳር ላይ ተራ የሚጠብቁ እንጨት ተሸካሚዎች ቆመው ስለነበር ጭራሽ ሸክማቸውን አወረዱ። ዘበኛው ተነሥተው ኮፍያቸውን አወለቁ። ከሜዳው ውጭ ሣር የሚግጥ አንድ አህያ ብቻ ሥራውን ቀጠለ።

ልጄም ቆመች። ከመስመሩ ልትደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ኳሷን ጎንበስ ብላ እግሯ ሥር በቀስታ አስቀመጠችና እጆቿን አሳየች።

ከሁሉ ቀድማ የነቃችው ከእንግዳው ቡድን አንዷ ናት። ኳሷን አነሣችና ቁልቁል ሮጠች። ቁልቁል ደግሞ ማንም ሰው ይሮጣል። ዳኛው ስላላፏጨ ነጥቡ ጸደቀ። ክለቡ በገዛ ሜዳው ተሸነፈ።

ልጄ ለምን እንደቆመች እኔ አውቃለሁ። ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሳይደርሰን፣ የካ ሚካኤል ግድም በቀበሌ ቤት እንኖር ነበር። ከጎረቤቴ ጋር በአጥር ተጣላን፤ ከሁለት ቆርቆሮ የማይበልጥ ነገር ነው። እኔ ድንጋይ አነሣሁ፤ እሱም ፍልጥ። ልጄ ከቤት ወጥታ መሃላችን ቆመችና፣ «በሕግ አምላክ፣ አባዬ!» አለችኝ። ቃሉን ከየት እንደሰማችው አላውቅም፤ ምናልባት ከእኔው ነው። ድንጋዩን ጎንበስ ብዬ እግሬ ሥር አስቀመጥኩና እጆቼን አሳየሁ። ጎረቤቴም ፍልጡን ጣለ። ያን ዕለት ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ይኼን ቃል ሰምቶ የማይቆም ሰው ሰው አይባልም ብዬ አስተማርኳት። በሕይወቴ ካስተማርኩት ሁሉ በደንብ የተያዘልኝ ይኼ ነው።

አሰልጣኙ ወደ ድንጋዩ መጣ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ልጅዎ ፈጣን ናት» አለኝ። «ነገር ግን ከፉጨት ሌላ በምንም ነገር የምትቆም ተጫዋች ማስፈረም አልችልም።»

«ሁሉም ቆመዋል እኮ» አልኩት።

«ሌሎቹ ፈርመዋል» አለኝ።

ክርክሩ ትክክል ነው። ከቅንነቱ የተነሣ ግን አንድ ቅዳሜ ጨመረላት። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ጨዋታ አለ፤ ያ የመጨረሻ ዕድሏ ነው።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ወንበር ነበር፤ እሷ ቆመች። መሪ ስንወርድ ሳታየኝ፣ «አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመንኩህ» አለች። አፈርኩ። በዚህ ዕድሜ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

በማግሥቱ ሲነጋጋ ብርድ ልብሴን ገፋ አደረገችው። እጇ ላይ እንቁላሏ ኳስ አለች።

«ተነሥ» አለችኝ። «ትጮሃለህ።»

ከብሎካችን ጀርባ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ባዶ ቦታ አለ። እኔን አንድ ጫፍ ላይ አቆመችኝ። እሷ ትሮጣለች፤ አጠገቤ ስትደርስ እጮሃለሁ፤ እሷ ሳትቆም ታልፋለች፤ ዕቅዱ ይኼ ነው። ሮጠች። «በሕግ አምላክ!» አልኩ። ቆመች። ከአራት ፎቅ መስኮቶች ተከፈቱ። ሁለት ሰዎች ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ሊገላግሉን ወረዱ። «ማነው የነካሽ?» አሏት። «አባቴ ነው፤ እየረዳኝ ነው» አለች። እርስ በርስ ተያዩ።

ሰኞ አምስት ሰዎች ወረዱ። ማክሰኞ የብሎክ ኮሚቴው ሰብሳቢ መጡና በአባትና በልጅ መካከል ያለው ቅሬታ በቤት ውስጥ እንዲታይ በትሕትና አሳሰቡኝ። ኳሷን አሳየኋቸው። አገላብጠው አይተው መለሱልኝ። ረቡዕ ማንም አልወረደም። መስኮትም አልተከፈተም። በአንድ ብሎክ ሙሉ ሕዝብ ላይ ያ ቃል ሥራ አቁሟል፤ ያስቆምኩትም እኔ ነኝ። በልጄ ላይ ግን ገና ይሠራል። ትሮጣለች፣ እጮሃለሁ፣ ጉልበቷ ያለፈቃዷ ይታጠፋል። «እንደገና» ትለኛለች። እንደገና እጮሃለሁ። ባለቤቴ ለጉሮሮዬ ማር በሎሚ አፍልታ ትጠብቀኛለች። ስለ ጉዳዩ ግን አስተያየት አልሰጠችም።

ሐሙስ ዝግ አለች እንጂ አልቆመችም። አርብ ጠዋት ኳሷን ደረቷ ላይ ይዛ መጣች፤ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ፤ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ በአጠገቤ እልፍ አለች። ነፋሷ ነካኝ። መጨረሻ ደርሳ ዘወር ስትል ትስቃለች፤ እኔም ሳቅኩ። ለዚያች ልጅ ግን ቤት አላወረስኳት፣ መሬት የለኝ። በእጄ የሰጠኋት ያቺን አንዲት ቃል ነበር፤ ሳምንት ሙሉ ከእሷው ጋር ሆኜ ነቅዬ አወጣኋት።

መጨረሻውን አስቀድሜ ልናገር፤ ውሉን ፈርማለች። እኔ የምጽፈው ግን ስለ ውሉ አይደለም።

ቅዳሜ ባለቤቴ ቤት እንድቀር ፈለገች። ልጄ፣ «ይምጣ፤ ቢጮህም አልቆምም» አለች። ሱፌን ለበስኩ፣ ክራባቴን አሰርኩ፣ ዳገቱን ወጣሁ። ዘበኛው በደስታ ተቀበሉኝ፤ ነገር ግን የወላጅ ድንጋይ ላይ አላስቀመጡኝም። ከመስመሩ ራቅ ያለ ሌላ ድንጋይ አዘጋጅተውልኛል። እሳቸውም አጠገቤ ተቀመጡ። «ታዝዤ ነው፤ አይቀየሙኝ» አሉኝ። አልተቀየምኩም።

የዚያን ቀን እንግዳው ሌላ ቡድን ነው፤ ከበፊቶቹ ከበድ ይላሉ። እኔ ከመጀመሪያው ፉጨት ጀምሮ የክራባቴን ጫፍ ነክሻለሁ። ልጄ ስትወድቅ ነከስኩ፤ ስትጥል ነከስኩ። አሰልጣኙ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየኝና በአውራ ጣቱ አበረታታኝ። ክራባቱ ከዚያ በኋላ ክራባት አልሆነም።

ማብቂያው ላይ ኳሷ መጣችላት። እንደ ባለፈው ሳምንት የዳሩን መስመር ይዛ ሽቅብ ሮጠች። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ይመዝገብልኝ። የጎሉ መስመር ጋ ስትደርስ ከጎን አንዷ፣ ከፊት አንዷ ደረሱባት፤ ሦስቱም አብረው ወደቁ። የወደቁበት ድምፅ እኛ እስካለንበት ድንጋይ ድረስ ተሰማ። ዳኛው አፏጨ። ሁለቱ ተነሡ። ልጄ አልተነሣችም።

በደረቷ ተኝታለች። አፏ ላይ ደም አለ።

ሄድኩ። ዘበኛው ኮቴን ጨምድደው ያዙ፤ ኮቱ እሳቸው ጋ ቀረ፣ እኔ ሄድኩ። ምን ላደርግ እንደሆነ አላውቅም። እኚያ ልጃቸውን በጆሮዋ ይዘው ያወጡ እናት ሜዳ ሲገቡ ምን እንደተሰማቸው ግን አወቅኩ። ዳሩ መስመር ላይ ደረስኩ፤ አንድ እግሬ መስመሩ የተሰመረበት ኖራ ላይ ነው። ልጄ ያን ጊዜ ቀና አለች። ኳሷ ሥሯ ናት፤ የጎሉን መስመር በአንድ ክንድ አልፋለች። አየችኝ። አንድ እጇን ከመሬት አነሣች።

«አባዬ» አለች፤ «በሕግ አምላክ።»

አልጮኸችም። እንዲያውም ደሙ ስላስቸገራት ድምፅዋ የታፈነ ነው። ግን ሰማሁት።

ያ ሜዳ ያን ጊዜ በሰው የተሞላ ነበር። የሕክምና ባለሙያዋ ቦርሳዋን ይዛ መሮጧን አላቋረጠችም። ተጫዋቾቹ መሯሯጣቸውን አላቋረጡም፤ አሰልጣኙም፣ ዳኛውም። እንጨት ተሸካሚዎቹም እየወረዱ ነበር። የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ልጄ መቆሜን አይታ አረጋገጠች። ከዚያ ተነሣች፤ ደሙን ተፋች፤ ምላሷን ነክሳ ኖሯል፤ ኳሷን ለዳኛው አቀበለች። አምስት ነጥብ ተባለ። ጓደኞቿ ከበቧት። እኔ እዚያው ኖራው ላይ ቆሜ እጆቼን ወደ ታች አየኋቸው። ባዶ ናቸው። ያም ሆኖ ጎንበስ ብዬ የሆነ ነገር እግሬ ሥር ያስቀመጥኩ መሰለኝ።

ወደ ድንጋዬ ተመለስኩ። ዘበኛው ኮቴን አቧራውን አራግፈው ይዘውልኛል። እጅጌውን እየያዙ አለበሱኝና አብረን ተቀመጥን።